ያለፍናት ገጽ

ሼህ እንድሪስ አራጋው ያን ማክሰኞ ስምንተኛውን ገጽ ሰምተው ቢሆን ኖሮ የትኛውን ይመርጡ ነበር?

አላውቅም። ሳላውቀው ዘጠኝ ወር ሆነኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ ሥራዬ ይኸው መሆኑ ነው። ወንዶች ስለ ገላቸው ከመወሰናቸው በፊት ማወቅ ያለባቸውን እንዲያውቁ አደርጋለሁ። ደሴ ከተማ፣ በውሳኔ ቤት፣ አንባቢ ነኝ።

የሌላ ከተማ ሰው አሠራሩን ላያውቀው ይችላልና በአጭሩ ልንገር። ሃምሳ ዓመት የሞላው ወንድ በየመስከረሙ መታወቂያውን ሲያሳድስ ጣቱን ይወጋል። ቤቱ ሳይገባ የደሙ ውጤት በቀለም ይደርሰዋል። አረንጓዴ ከሆነ ለከርሞ ይመለሳል። ቀይ ከሆነ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ይገባል። ቢጫ ከሆነ ወደ እኛ ይላካል። ቢጫ ማለት ፕሮስቴት እጢው ላይ ካንሰር አለ፣ ግን ተኝቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው በሌላ ነገር ሞቶ እስኪቀበር ድረስ እንደተኛ ይቆያል። ስለዚህ ቢጫ የሆነ ሰው ይመርጣል። ወይ እየተመረመረ በክትትል ይኖራል፣ ወይ በቀዶ ጥገና ያስወጣዋል፣ ወይ በጨረር ያስመታዋል።

ከተማችን ውስጥ ስድሳ ካለፋቸው ወንዶች ከሦስቱ አንዱ ቢጫ ነው። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ ሰላምታ ውስጥ ገብቷል። ጠዋት ወደ ቶሳ ተራራ በሚወጣው ገመድ መኪና ውስጥ ሽማግሌዎች «አፊያ ነህ?» ከተባባሉ በኋላ «ቀለምህስ?» ይባባላሉ። ለጋብቻ ሽማግሌ የሚልኩ ሰዎች ከሚላኩት መካከል ቢጫ እንዳይበዛ ይጠነቀቃሉ። ክትትል የመረጠ ሰው ስሙ «ዘበኛ» ነው። መጠበቂያ ክፍላችን ውስጥ በየሳምንቱ የምሰማው ጨዋታ ይህን ይመስላል፦

«አንተ፣ ዘበኛ ሆንክ አሉ።»

«ሆንኩ።»

«ደግሞ ምን ልትጠብቅ?»

«ሌባውን ነዋ።»

«የታለ ሌባው?»

«አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ሚስቴ እንኳ እንደሱ አልተጠጋችኝም።»

ይስቃሉ። ከዚያ ስማቸው ይጠራና ሳቃቸውን ውጭ ትተው ይገባሉ።

የማነብበት ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ያዳምጣል። ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል መብራት አለች። የማነበው አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አንዱን ገጽ አነባለሁ፣ ሰውየው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይነግረኛል፣ ጠረጴዛው ቃሉንና የልብ ምቱን አይቶ ገብቶታል ካለ መብራቷ አረንጓዴ ትበራለች፣ ወደሚቀጥለው ገጽ እሻገራለሁ። ዝም ብሎ «እሺ» ወይም «እንዳልሽው» ያለ ሰው መብራት አይበራለትም። ጥንት ማሽኑ ብቻውን ያነብ በነበረ ጊዜ የአገራችን ወንዶች ሁሉንም ነገር «እሺ፣ እሺ» እያሉ ይፈርሙ ነበር፤ ለሬዲዮ መልስ የሚሰጥ ማን አለ? በሁለት ሺህ ስድሳ ሁለት በወጣው አዋጅ ሰው ሰውን ይሰማል ተባለና እኛ ተቀጠርን።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። አንባቢ አይመርጥም። ሰውየው «አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?» ካለ የሚሰጠው መልስ በቃል የተጠና ነው፦ «ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔ ልመርጥልዎ አልችልም።» ይህን ደንብ ውጭ አገር፣ ኡትሬክት ከተማ በተማርኩባቸው ሰባት ዓመታት እንደ ቅዱስ ነገር ይዤው ነበር። አስተማሪዎቼ የሰው ነፃነት የሚጀምረው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ይሉ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከተመለስኩ ወዲህ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ጥቂት ነው። ሦስት ጊዜ ሌላ አገር ሥራ አመልክቼ፣ ሦስት ጊዜ ሲቀበሉኝ ሳልሄድ ቀርቻለሁ።

ስምንተኛው ገጽ ቀዶ ጥገናና ጨረር በኋላ ስለሚያስከትሉት ነገር ነው። የላይኛው ግማሽ ስለ መኝታ ያወራል፤ ከመቶ ሰው ስንቱ ከሚስቱ ጋር እንደ ድሮው መሆን እንደሚያቅተው። የታችኛው ግማሽ ስለ ሽንት ያወራል፤ ከመቶ ሰው ስንቱ ሲያስል፣ ሲነሳ፣ ሲጎነበስ እንደሚያመልጠው፣ ስንቱስ እንደዚያው እንደሚቀር። ይህን ሁሉ በሰው አገር ቋንቋ ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ዓይኔን ሳላሽ ተናግሬዋለሁ። በአማርኛ ግን እነዚያን ቃላት የማውቃቸው ከመንገድ ስድብና ከሴቶች ሹክሹክታ ነው። ለማላውቃቸው ወንዶች ዘዴ አበጅቼ ነበር። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ እንደ ዜና አንባቢ በአንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሠርቻለሁ።

ከዚያ ሼህ እንድሪስ ቢጫ ሆኑ።

ሼህ እንድሪስ ከሆጤ በላይ ያለችው የሰፈራችን ትንሽ መስጊድ ኢማም ናቸው፤ አርባ አንድ ዓመት አሰግደዋል። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። አባቴ በመኪና አደጋ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊደልም ቁርአንም ያስተማሩኝ፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩኝ እንደ ወላጅ የሚመጡልኝ፣ ውጭ አገር ስሄድ ተያዥ ሆነው የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸውን እማማ ዘይነባን ከእናቴ እኩል እወዳት ነበር።

ለማን ማን እንደሚያነብ የሚደለድለው ጠረጴዛው ነው። የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከዚህ ሰው ጋር የሥጋ ዝምድና አለዎት? የሥጋ ዝምድና አልነበረንም። «የለኝም» የሚለውን ነካሁ። ለሌላ አንባቢ ላስተላልፋቸው እችል ነበር፤ ምክንያት ጻፊ ይላል እንጂ አይከለክልም። ምን ብዬ ልጻፍ? የተማርኩት ለዚህ አይደለም እንዴ?

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ከልጃቸው ከሙስጠፋ ጋር መጡ። ደንቡ ብቻቸውን እንዲገቡ ስለሚያዝ ሙስጠፋ ውጭ ቀረ። ሼሁ ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«አፊያ ነሽ፣ ዘምዬ? ኧረ ወንበሩ ይመቻል! እኔ እኮ እንደ ፍርድ ቤት የምታቆሚኝ መስሎኝ ነበር።»

«እንዴት አቆምዎታለሁ አባባ።»

«አሊፍን ከባ ሳትለዪ ስንት ቀን አቁሜሻለሁ፤ ብድርሽን ብትመልሺ አልፈርድብሽም። በይ፣ ያስተማርኩሽን ፊደል አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። እንደሳቸው ያለ አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም። ሦስተኛውን ገጽ ጨርሼ የገባዎትን ይንገሩኝ ስላቸው እንዲህ አሉ፦ «እኔን የመሰለ መቶ ሰው ብታሰልፊ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ይሄ ነገር የሚገድለው አንዱን ነው። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ሌላ መሞቻ ይፈልጋሉ።» መብራቷ በራች። ስለ ክትትል ያለውን አምስተኛውን ገጽ ደግሞ፦ «ላሟ ካልወጣች አትሰር፣ ግን ዓይንህን አትንቀል ነው የሚለው።» በራች። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ወደ ክትትሉ ያደሉ መስሎኝ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር።

ስምንተኛውን ገለጥኩ። እንደ ዜና አንባቢ ልወጣው አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።

«ምነው?» አሉ።

«ይሄ ገጽ... አባባ፣ ይሄ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ስለ... የቤት ጉዳይ ነው።»

«የምን ቤት?»

«የባልና የሚስት።»

ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። እሳቸው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔን ላለማየት እንዳዞሩት ያን ጊዜም ገብቶኛል።

«ዘይነባ ካለፈች ዘጠኝ ዓመቷ» አሉ ቀስ ብለው። «እለፊው ልጄ። አትቸገሪ። ይሄን እኔ አውቀዋለሁ፣ ገብቶኛል።»

ድምፃቸው የረጋ ነበር። የልብ ምታቸውም የረጋ ነበር። የተናገሩት «እሺ» አልነበረም፤ በራሳቸው አነጋገር፣ በሙሉ እምነት፣ አውቀዋለሁ ብለዋል። መብራቷ አረንጓዴ በራች።

እውነቱን ነበር የተናገሩት። የላይኛውን ግማሽ ያውቁታል፣ ለእሳቸውም ዋጋ የለውም። የታችኛው ግማሽ እዚያው ወረቀት ላይ እንዳለ ግን አልነገርኳቸውም። ስለ ሽንት ለመናገር ተመልሼ አፌን መክፈት ነበረብኝ፣ መብራቷ ደግሞ በርታለች። ገጹን ገለጥኩት። ስገልጠው የተሰማኝን ልጻፈው፦ ደስ አለኝ። ከአንድ ከባድ ነገር ያመለጥኩ መሰለኝ።

አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ስጨርስ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ጠየቁኝ።

«ዘምዬ፣ አባትሽ ቢሆን ምን ትይው ነበር?»

የተጠናውን መለስኩ። «ምርጫው የእርስዎ ነው አባባ፤ እኔ ልመርጥልዎ አልችልም።»

ዝም አሉ። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነፃነታቸውን የጠበቅሁላቸው መስሎኝ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩትን ስህተት የውጭ አስተማሪዎቼ ቢሳሳቱት አይፈረድባቸውም፤ ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ሊሳሳተው አይገባም ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ መርዶውን ይዘው የመጡት ሼህ እንድሪስ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከሁለት ጎረቤት ጋር መጥተው ተቀመጡ። ስለ ማሽላው አወሩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። እናቴ «እሱስ ደህና ነው? አይታችሁታል?» ብላ ስትጠይቅ «ሁሉ በአላህ እጅ ነው» አሉና ዝም አሉ። ያኔ ጮኸች። ማንም ሞቷል አላላትም። እኛ አገር የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ካልመለሰ፣ መልሷል።

«ገባኝ» አሉ ሼህ እንድሪስ።

«አይ አባባ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም፤ ደንቡ ነው...»

«አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ። ገባኝ አልኩሽ። ካንቺ አፍ አላወጣውም።» በአውራ ጣታቸው ሦስቱ ምርጫዎች በሥዕል ከሚታዩበት የጠረጴዛው መስታወት ላይ ቀዶ ጥገናውን ነኩ። «ይውጣ። አደራ የተሰጠኝ ገላ ነው፣ ሌባ ይዤበት አልሄድም።»

መብራቷ በራች። በሩ ተከፈተ። ሙስጠፋ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ይውጣ ብያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ ከመጀመሪያውኑ ይውጣ ነው ያልኩት። ዘምዘም፣ አላህ ይስጥሽ፣ አስረዳሻቸው።»

ምርጫ ከተመረጠ በኋላ ለሁለት ቀን አንባቢው ጉዳዩን መልሶ መክፈት ይችላል። ምክንያቱን በድምፅ መናገር ብቻ ነው የሚጠየቀው። ምክንያቱን ብናገር ስምንተኛው ገጽ መነሳቱ አይቀርም። ረቡዕ ጠረጴዛው ፊት ሁለቴ ተቀምጬ ሁለቴ ተነሳሁ። ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። በማግሥቱ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ፣ ሰፈሩም ለአንድ ሳምንት እየመጣ ጠየቃቸው። እኔ አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ።

ስድስት ሳምንት አልፎ ጁምዓውን ሌላ ሰው ማሰገዱን እናቴ ነገረችኝ። የሚቀጥለውንም ሌላ ሰው። ከዚያ ወዲያ ሼህ እንድሪስ ደጅ አይወጡም ተባለ።

ብርቱካን ገዝቼ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ነፊሳ ናት። ከሳሎኑ ውስጥ የበረኪና ሽታ ይመጣል። ሁልጊዜ ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ሼህ እንድሪስ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ምንጣፋቸው ላይ ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ላስቲክ ተነጥፏል። ላስቲኩን ለመሸፈን የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉ አየሁ፣ እንዳላየሁም ሆንኩ።

«አንቺ ደግሞ የት ጠፋሽ? ሌላው ሲጠይቀኝ ዘምዘም ተመልሳ ፈረንጅ አገር ገብታለች ልል ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አባባ። እንዴት ነዎት?»

«ሌባው ወጥቷል ይላሉ። ንጹሕ ነህ አሉኝ።» ፈገግ አሉ። «ሲወጣ ግን በሩን ሳይዘጋው ነው የሄደው።»

ነፊሳ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። ቀልዱን ብዙ ጊዜ ሰምታው መሆን አለበት።

«ይሻላል እኮ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ። ከመቶው ስንቱ እንደማይሻለው አውቃለሁ።

«ኢንሻአላህ። ታጥቤ ውዱእ አድርጌ መስጊድ ሳልደርስ ይበላሻል። ቤት ተመልሼ ሌላ አደርጋለሁ፣ ስጎነበስ እሱም ይበላሻል። ለራሴ ሶላትስ ግድ የለም፣ በሽተኛ ነኝና ይፈቀድልኛል። ማሰገድም ትችላለህ የሚሉኝ ዑለማዎች አሉ። ግን ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ፣ እኔ ፊት ቆሜ ስለ ሱሪዬ እያሰብኩ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልቤ እምቢ አለ። አርባ አንድ ዓመት ከኋላዬ የቆመን ሰው እንዲህ አላታልለውም።»

ብርቱካኑን ከላስቲክ ከረጢቱ አውጥቼ ሳህን ላይ መደርደር ጀመርኩ።

«ዘምዬ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ማክሰኞው የረጋ ነበር። «ያቺ ያለፍናት ገጽ... ይሄም እዚያች ውስጥ ነበር?»

ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«ሁሉም ገጽ ላይ ትንሽ ትንሽ ይነካካል፣ አባባ» አልኩ።

«እህ» አሉ። ወደ ጓዳው ተጣሩ። «ነፊሳ! ለእህትሽ ሻይ አምጪላት እንጂ።»

ሻዩን ጠጣሁ። ትኩስ ስለነበር አፌን አቃጠለኝ፣ እኔም ለመሄድ ቸኩዬ ጨለጥኩት።

በስድስተኛው ወር ውሳኔ ቤቱ ለመረጠ ሰው ሁሉ ይደውላል። የሚጠይቀው ማሽኑ ነው፣ ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። የአንባቢው ድርሻ መልሱን ሰምቶ መዝጋት ነው። የሼህ እንድሪስ መልስ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ።

«ምርጫ ከማድረግዎ በፊት ስለ ሽንት መቆጣጠር ችግር ተነግሮዎታል?»

«አዎ።»

«የተነገረዎት በሚገባዎት ቋንቋ ነው?»

«አዎ፣ በሚገባኝ ቋንቋ ነው።»

«ደግመው የመምረጥ ዕድል ቢሰጥዎ ያንኑ ይመርጣሉ?»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። ከኋላቸው የተከፈተ ቧንቧ ይሰማል። ነፊሳ እያጠበች ይሆናል።

«ያንኑ» አሉ።

እኚህ ሰው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ልጅ ሆነን ጥርስ የሚያበላሽ ከረሜላ ደብቀን ስንበላ ከዋሸን ሁለት ጊዜ ይቀጡን ነበር፤ ለከረሜላው አንድ፣ ለውሸቱ አንድ። ሦስቱን መልስ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ ሥራዬ ስለሆነ ጉዳዩን ዘጋሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የውሳኔ ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ ማህደር ቢሮዋ ጠራችኝ። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ። የሼህ እንድሪስ ንባብ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች ማስተማሪያ እንዲሆን ተመርጧል። ከአሥራ ሁለቱ ገጽ በአንዱም የልብ ምታቸው አልተነሳም። በስድስተኛው ወር ጸጸት የለባቸውም። እንዲህ ያለ ውጤት እዚህ ቤት ገጥሞን አያውቅም።»

«እሱን አታስተምሩበት» አልኩ።

«ለምን?»

«ስምንተኛውን ገጽ አላነበብኩም።»

ሳቋ አልጠፋም፣ ቀነሰ እንጂ። «እንዴት አላነበብሽም? መብራቱ በርቷል እኮ።»

«በርቷል። ግን አላነበብኩትም። አፈርኩ። እለፊው አሉኝ፣ አለፍኩት። የሽንቱን ነገር አልሰሙም።»

«ዘምዘም፣ ስሚኝ። አውቀዋለሁ ብለዋል፣ መብራቱ በርቷል። መብራቱ ከበራ ተነግሯቸዋል።»

«ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ እኮ የምልሽ!»

«ደክሞሻል።» የጠረጴዛዋን መስታወት ወደ እኔ አዞረችልኝ። «የእርማት ቅጹ ይኸው። ምን ብዬ ልሙላው? አንባቢ የተሳሳተ ቃል አነበበ፤ መራጩ የመስማት ችግር ነበረበት፤ መብራት ተበላሸ። የቱ ነው?»

ሦስቱንም አየኋቸው። አንዱም አልነበረም።

«ሌላ የሚል የለውም?»

«የለውም። ቢኖረውስ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ሰውየው በገዛ አንደበታቸው ተነግሮኛል ብለዋል። አንቺ አልተነገራቸውም ካልሽ፣ ከሁለታችሁ አንዱ ውሸታም ነው ማለት ነው። ኢማሙን ውሸታም ልታደርጊያቸው ነው? አሁን ደግሞ በደረሰባቸው ላይ?»

ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጠችኝ።

ንባቡ ለማስተማሪያ ዋለ። ከወልዲያ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ የመጡ አሥራ ስድስት ሠልጣኞች መብራቷ በየገጹ ስትበራ እያዩ ሰሙት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ያነበበችው ትገኝ ተብዬ። ስምንተኛው ገጽ ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፦ «ስለ... የቤት ጉዳይ ነው።» ከከሚሴ የመጣ ጸጉሩ የሸበተ ነርስ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ምንም የተነበበ ነገር የለም።»

አሠልጣኙ የተቀዳውን ድምፅ አቆመ። «ጥሩ አስተውለሃል። ባህላችን ውስጥ ሁሉ ነገር በቃል አይነገርም። አንባቢዋ የሰውየውን ክብር ጠብቃ እንዴት እንዳስተላለፈችው ተመልከት። መብራቱን እይ።»

ነርሱ መብራቱን አየ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አጎነበስኩ። የቀሩት አሥራ አምስቱ ማስታወሻ ጻፉ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ገመድ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። በአካል ሄጄ መናገር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይዞ፣ በጠዋት ተሂዶ፣ ጫማ አውልቆ ነው የሚነገረው። ግን ፊታቸው ብቀመጥ እንደገና እንደሚያዝኑልኝ፣ እንደገና «እለፊው ልጄ» እንደሚሉኝ፣ እኔም እንደገና ደስ ብሎኝ እንደማልፈው አወቅሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። መጀመሪያ ረጅም ነበር፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ቅጹ። ሁሉንም ሰረዝኩት። ሁሉም ራሴን የማዳን ወሬ ነበር። የላክሁት ይህን ነው፦

«አባባ፣ ሻይ የጠጣሁ ቀን ለጠየቁኝ ጥያቄ ዋሽቼዎታለሁ። አዎ፣ እዚያች ገጽ ውስጥ ነበር፤ ከታች በኩል። ስለ ሽንት በግልጽ ተጽፏል። ያላነበብኩልዎ ስላፈርኩ ነው። አባትሽ ቢሆን ብለው ሲጠይቁኝም ሳልመልስልዎ የቀረሁት ሞትዎን ደብቄ አይደለም፤ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። አባቴ ቢሆን ተወው፣ ከእሱ ጋር ታረጃለህ እለው ነበር። በመጠይቁ ላይ ለእኔ ብለው ያሉትን ሰምቻለሁ። እውነቱን በይፋ ለመናገር ቆርጫለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ አብረን እንናገራለን፣ ካልሆነም እኔ ብቻዬን። ዘምዘም።»

የላክሁት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነቧል የሚል ምልክት መጣ። መልስ ሳይመጣ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው።